ቁንጫና ጁፒተር

እስካሁን ላላነበባችሁ፦ ብዙ አላመለጣችሁም። እኔ ፎቶ አንሺ ነኝ፤ እሱ የአከራያችን ልጅ ነው። እኔ የምሠራው ምድር ቤት፣ እሱ የሚኖረው የመጨረሻው ፎቅ ላይ። በመካከላችን ያለው ደረጃ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህ ታሪክ ባለፈው ሳምንት ባለቀ ነበር።

እንዴት እንደተዋወቅን ላሳጥረው። ለመሥሪያ ቤቱ መታወቂያ ጉርድ ፎቶ ሊነሳ መጣ። ጉርድ ፎቶ ሕግ አለው፤ ቀጥ ብሎ መቀመጥ፣ ሌንሱን ማየት፣ አለመሳቅ። ለቪዛ ሲሆን ደግሞ አንድ ይጨመርበታል፤ ፎቶው አይነካካም። ሕጉን በትልቁ ጽፌ ከወንበሩ በላይ ለጥፌዋለሁ። እሱ ከሥሩ ተቀምጦ ሳቀ። እንደገና አነሳሁት። እንደገና ሳቀ።

"ምን ያስቅሃል?"

"እኔ እንጃ። አንቺ ስትኮሳተሪ…"

"ፊቴ ነው እንግዲህ። ሌላ ይዤ አልመጣሁም።"

አክስቴ ከባንኮኒው ሆና፣ "አንቺ ልጅ፣ የሚስቅ ሰው ተገኝቶ ነው የምትቆጪው? እኛ ዘንድ የሚመጣው ሁሉ ከቀብር የተመለሰ ነው የሚመስለው" አለችኝ። ስቱዲዮው የእሷ ነው፤ ምላሷም የእሷ ነው፤ ከሁለቱ የወረስኩትን ታውቃላችሁ።

በመጨረሻ አፉን ገጠመ፤ ዐይኑ ግን እየሳቀ ቀረ። ለመታወቂያ ነው ብዬ አሳለፍኩት። ፎቶው እስኪታተም ቦርሳውን ከፈተና አንድ ትልቅ ካሜራ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠ። ቴሌስኮፕ ላይ ገጥሞ ጁፒተርን ሊያነሳበት ሞክሮ እንቢ ብሎታል። ነጭ ነጥብ ብቻ ነው የሚወጣው። እሱ መሐንዲስ ነው፤ ድልድይ ነው ሥራው። "ድልድይ ቢሆን የት ላይ እንደተሰነጠቀ አውቀው ነበር" አለኝ።

ያን ጊዜ በቴሌስኮፕ አይቼ አላውቅም። ካሜራ ግን አውቃለሁ። የተማርኩት የተሰበረ ፈትቼ፣ ያገኘሁትን ሁሉ አንብቤ ነው። ማንም አላስተማረኝም፤ ስለዚህ ይሄ አይገባሽም ያለኝም የለም። ሳነብ ሰነበትኩና ካሜራውን ሊወስድ ሲመጣ አስቀመጥኩት።

"ካሜራህ ትልቅ ነው። ጥፋቱም እሱ ነው።"

"ትልቅ መሆኑ እንዴት ጥፋት ይሆናል?"

"ጁፒተር በዚያ ሁሉ ሴንሰር ላይ አንዲት ምስር ናት። የቀረው ጥቁር ሰማይ ነው። ለአንዲት ምስር የድግስ ድስት ትጥዳለህ?"

ሳቀ። እኔ ቀጠልኩ። በእኛና በጁፒተር መካከል አየር አለ፤ አየሩም እንደሚፈላ ውሃ ይንተከተካል። አንድ ፎቶ ብቻ ካነሳህ የምታገኘው አየሩ በዚያች ቅጽበት ያደረገውን ነው። ስለዚህ የሚያስፈልገው ቪዲዮ ነው። በሺህ የሚቆጠር ምስል በፍጥነት ትቀርጻለህ፤ ከዚያ ፕሮግራሙ አየሩ ጸጥ ያለባቸውን ጥቂቶቹን ይመርጥና አንዱን በአንዱ ላይ ይደርባቸዋል። ለዚህ የሚሆነው ሴንሰሩ ትንሽ፣ ፒክስሉ ደቃቅ፣ ኬብሉ ፈጣን የሆነ ካሜራ ነው። ማቀዝቀዣ ምናምን የተገጠመለት ለጋላክሲ ነው፤ እኛ እያንዳንዱን ምስል የምንወስደው ዐይን እስኪርገበገብ እንኳ ሳንቆይ ነው።

"እና የቀረው ይጣላል?"

"ይጣላል።"

"ያ ሁሉ?"

"ጁፒተርን ነው ወይስ አየሩን ነው ማንሳት የፈለግከው?"

ያልኩትን ትንሽ ካሜራ አስመጣ። ሳጥኑ ሲከፈት አክስቴ መነጽሯን አድርጋ ጎንበስ አለችና፣ "ይሄ ነው? ይሄማ ቁንጫ ነው!" አለች። ስሙ በዚያው ጸና።

በጋውን ሙሉ ገና ሲመሽ ጣራ ላይ ነበርን። ቴሌስኮፑ የእሱ፣ ላፕቶፑ የእኔ፣ ቁንጫ የሁለታችን። ወደ ጣራ የሚያወጣው የብረት ደረጃ ከኮንክሪቱ ጋር ታስሯል፤ ስለዚህ አንድ ሰው ሲረግጠው ስክሪኑ ላይ ጁፒተር ትዘላለች። "ቀረጻ ላይ ነኝ!" ብዬ ስጮኽ ባለበት መድረቅ ለመደ፤ አንዳንዴ አንድ እግሩን እንዳነሳ፣ እንደ ሽመላ። ሌላም ሕግ ነበረኝ። ጁፒተር ፈጣን ናት፤ ቀኗ ከእኛ ቀን ግማሽ አይሞላም። ቀረጻው ከረዘመ ዞራ ምስሉ ይደበዝዛል። እሱ ሁልጊዜ "ትንሽ ብቻ፣ አለቃ" ይላል። እኔ ሁልጊዜ በሰዓቱ አቆማለሁ። አለቃ ብሎ ስም ያወጣልኝም ለዚህ ነው።

ፍቅር የሚባለውን ቃል ማናችንም አላልነውም። እኔ ያልኩት "ኬብሉን አትርገጥ" ነው። አንድ ቀን ግን ደመና ጋርዶን ቁጭ እንዳልን ዞር ብሎ አየኝ። ያየኝ ፎከስ ሲያስተካክል እንደሚያደርገው ነው፤ አለፈ፣ ተመለሰ፣ ከዚያ ቆመ። እኔ የኪራይ ቤት ልጅ ነኝ። ዐይኔን ወደ ስክሪኑ መለስኩ። ስክሪኑ ላይ ደመና ብቻ ነበር፤ እሱንም ቢሆን በጥሞና አየሁት።

*

ከዚያ መምጣት ተወ። ሰማዩ መጥፎ ስለሆነ ነው አልኩ። ሰማዩ መጥፎ አልነበረም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እናቱ ስቱዲዮ ገቡ። ረጋ ያሉ ሴት ናቸው፤ ሲቆጡም ድምፃቸው አይሰማም፤ ስለዚህ ሲቆጡና ሳይቆጡ መለየት አይቻልም።

"ደህና ዋልሽ፣ ልጄ?"

"ደህና፣ እትዬ። ይቀመጡ።"

የተቀመጡት ሕጌ ከተለጠፈበት ወንበር ላይ ነው። ከቦርሳቸው ፍላሽና አንድ የታተመ ጉርድ ፎቶ አወጡ። "በዚህ ልክ አራት አትሚልኝ። ለቪዛ ነው፣ ተቸኩሏል።"

ማን እንደሆነ እያየሁ፣ "የማን ነው?" አልኩ።

"የልጄ ነዋ! አልነገረሽም? ባሕር ማዶ ድልድይ ሊሠራ ነው። ሁለት ዓመት ነው ይላሉ። ሁለት ዓመት የሚሉት ሲጀምሩ ነው እንጂ…"

ፎቶውን ወደ መብራቱ አቀረብኩት። ብርሃኑ የእኔ አይደለም። ከግራ ደርቆ ይመጣል፤ ጆሮው ኋላ ጥላ ጥሏል፤ ግድግዳው አረንጓዴ ይመስላል። ከመንገዱ ማዶ ያለው ስቱዲዮ ነው። ለሠርግ ቪዲዮ ጭስ የሚረጨው፣ የማንንም ጆሮ ኋላ የማያየው ሰውዬ! እዚሁ ሕንፃ ሥር እኔ ቁጭ ብዬ፣ መንገድ ተሻግሮ። ሌላ ሴት ቤት ቢሄድ ይህን ያህል አልናደድም ነበር።

ፎቶው ላይ አይስቅም። በአፉም፣ በዐይኑም።

"ዐይኑን አየሽልኝ?" አሉ እናቱ። "ቀልቷል። እንቅልፍ አጥቶ ነው የሰነበተው። እስቲ አንጺልኝ።"

ከራሳቸው በላይ በእጄ ጽሑፍ 'አይነካካም' ይላል። አላነበቡትም። እኔም አላነበብኩላቸውም።

ኮምፒውተሩ ላይ ዐይኑን አጎላሁት። ቀያይ ክሮቹን አንድ በአንድ አጠፋሁ። እጄ አልተንቀጠቀጠም። እናቱ ፊቴን ያዩ ነበር፤ እንደሚያዩኝ አውቄ ፊቴን እንደ ግድግዳ አደረግኩት። ነጩ ነጣ። ከልኩ በላይ ነጣ። አየሁት። አተምኩት።

"እጅሽ ይባረክ" ብለው ኤንቨሎፑን ወደ ቦርሳቸው ከተቱ። በሩ ላይ ሲደርሱ ዞሩ። "ጣራ ላይ ያለውን ዕቃችሁንም ብታወርዱት። የውሃ ታንከር ልናስቀምጥ ነው።"

'ዕቃችሁ' አሉ። እኔንና እሱን አንድ ላይ ሲጠሩን የሰማሁት የዚያን ቀን ብቻ ነው፤ ያውም ውረዱ ለማለት።

*

በማግስቱ የመጀመሪያው ዝናብ ዘንቦ አቆመ። ፀሐይ ስትጠልቅ ተነሳሁ።

"ወዴት?" አለች አክስቴ።

"ዕቃዬን ላወርድ።"

"ኩራትሽንስ እዚያው ትተሽው ብትወርጂ?"

"ለእሱም ኪራይ ይጠይቁኛል።"

ላወርድ ነበር የወጣሁት፤ እውነቴን ነው። ግን ዝናቡ ኮንክሪቱን አቀዝቅዞታል። ሌላ ጊዜ የቀኑን ሙቀት እየተነፈሰ ምስሉን የሚያውክብኝ ጣራ ጸጥ ብሏል። ሰማዩ ገና ሰማያዊ ነው፤ ጁፒተር ብቻዋን ወጥታለች። እንዲህ ያለ አየር አግኝቶ ቴሌስኮፕ የሚፈታ ሰው ሌላ ሥራ ይፈልግ። ቁንጫን ገጠምኩ። በጨረቃዎቿ ፎከሱን አስተካከልኩ፤ ነጥብ እስኪሆኑ። ስክሪኑ ላይ ጁፒተር ቆመች፤ ቡናማ መቀነቶቿ አንድ በአንድ ይቆጠራሉ። በጋውን ሙሉ እንዲህ ሆና አይቻት አላውቅም። ቀረጻውን ጀመርኩ።

ወዲያው ጁፒተር ተንቀጠቀጠች።

አንዴ። ደግሞ አንዴ። ከዚያ የአንድ እርምጃ ያህል ምንም የለም፤ ቀጥሎ በኃይል ዘለለች። ከላይ ሁለተኛዋ ደረጃ የላላች ናት፤ የሚያውቃት ይዘላታል። ድምፁን ሳልሰማ፣ ሳልዞር፣ ማን እንደሆነ ጁፒተር ነገረችኝ።

ከዚያ ጸጥ አለች። ቆሟል ማለት ነው። ስክሪኑ እንደበራ አይቷል፤ ቀረጻ ላይ ሰው እንደማይራመድ ያውቃል።

አልዞርኩም። የማቆሚያዬ ሰዓት ደረሰ። ጣቴ ቁልፉ ላይ ነበር። ሰዓቱ አለፈ። ጣቴ እዚያው ነው። ቀረጻውን ካቆምኩ መዞር አለብኝ፤ ከዞርኩ መናገር አለብኝ። ጁፒተር በቀስታ መዞሯን ቀጠለች።

"አለቃ" አለ ከኋላዬ፣ በዝግታ።

"ቀረጻ ላይ ነኝ።"

"አውቃለሁ። ግን እኮ ሰዓቱ አልፏል። ዞራለች።"

"ትዙር።"

"እግሬ ደነዘዘ" አለ።

"ማን ቁም አለህ?"

"አንቺ ነሻ። በጋውን ሙሉ።"

አቆምኩት። ዞርኩ። ዝናብ መትቶት ሸሚዙ ትከሻው ላይ ተለጥፏል። "መንገደኛ እግሩ ሲደነዝዝ አይሆንለትም" አልኩ። "ሂድ፣ አውሮፕላን ያመልጥሃል።"

"መለሱኝ።"

"እነማን?"

"የቪዛ ቢሮዎቹ። ፎቶው ተነካክቷል አሉ።" ኤንቨሎፑን አውጥቶ ላፕቶፑ ላይ አስቀመጠው። በስክሪኑ ብርሃን የፎቶው ዐይን እንደ ሸክላ ሳህን አበራ። "ነገ ጠዋት ሌላ ካላመጣሁ ሥራውን ለሌላ ሰው ይሰጡታል።"

"እናትህ ናቸው ያዘዙኝ።"

"እናቴ አንጺ አለችሽ። አንቺ ሰው ስትነኪ አይታወቅም። አንዴ የአንዲት ሙሽራ ጠባሳ ስታጠፊ የገዛ እናቷ አላወቀችም። ይሄን ግን የበሩ ዘበኛ ሳይቀር ያውቀዋል።" ጠጋ አለ። አሁን መራመድ ይችላል። "አንቺ እንዲህ አትሠሪም፣ አለቃ። አውቀሽ ነው?"

ሁለት መልስ ነበረኝ። ተሳስቼ ነው ብል እጄን እሰድባለሁ። አውቄ ነው ብል ራሴን። ከሁለቱ የትኛውን አሳልፌ እንደምሰጥ አሰብኩ፤ እጄ ዳቦዬ ነው።

"አውቄ ነው።"

"ለምን?"

"አንተስ ለምን መንገድ ተሻግረህ ተነሳህ? ጆሮህ ኋላ ያለውን ጥላ እያየሁ ልተምልህ? ተደብቀህ ልትሄድ ኖሯል!"

"ተደብቄ?" አለ። ሊስቅ ነበር፤ አልሆነለትም። "ሳልስቅ መነሳት ነበረብኛ። አንቺ ፊት ተቀምጬ እንደማልችል ታውቂያለሽ። እዚያ ገባሁ፣ ተቀመጥኩ፣ በመጀመሪያው አለቀ። ሰውዬው ጎበዝ አለኝ።" ፎቶውን በጣቱ ገልብጦ በጀርባው አስተኛው። "ያን ጊዜ ገባኝ።"

"ምኑ?"

"ያላንቺ ፊቴ ምን እንደሚመስል።"

የጣራው ውሃ በአሸንዳው ይወርድ ነበር። እሱን አዳመጥኩ። የሚሉት ሲጠፋ ውሃ ማዳመጥ ጥሩ ነው።

"ልትነግረኝ ትችል ነበር" አልኩ።

"ልነግርሽ ስወጣ 'ቀረጻ ላይ ነኝ' ትያለሽ!"

"ታዲያ ቀረጻ ላይ ነበርኩ!"

አሁን ሁለታችንም ልንስቅ ምንም አልቀረን፤ ማናችንም አልጀመርነውም።

"ለእናቴ ነገርኳት" አለ። "ምድር ቤት ያለችውን ልጅ ነው የምፈልገው አልኳት።"

ከወንበሩ ላይ ሆነው ፊቴን ሲያዩ የነበሩት ሴትዮ ትዝ አሉኝ። "ምን አሉ?"

"'እሷስ ትፈልግሃለች?' አለችኝ። አላውቅም አልኳት። 'እንግዲያው ፎቶህን ስጠኝ፣ ሄጄ አያታለሁ' አለች።"

"እና?"

"ተመልሳ 'ፊቷ አልተለወጠም፣ እጇም አልተንቀጠቀጠም። ልጄ፣ እሷ ድንጋይ ናት፤ ይልቅ መንገድህን ሂድ' አለችኝ። እሺ ብዬ ነበር። ዛሬ ፎቶውን ሲመልሱልኝ ግን ዐይኑን አየሁት።"

ሴትዮዋ ፊቴን አይተው ምንም አላገኙም። ፊቴን ማየት አልነበረባቸውም።

"የውሃ ታንከሩስ?" አልኩ።

"ታንከሩ እውነት ነው።"

በዚህኛው ሳቅን። ከዚያ ሳቁ አለቀና አንዳችን ላንዳችን ቀረን።

"አትሂድ በይኝ" አለ። "አንዴ ብቻ በይኝ። አልሄድም።"

ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ይህን እየጻፍኩ እንኳ አለ። ግን የአከራዩን ልጅ ከድልድዩ ያስቀረች ሴት ተብዬ ምድር ቤት ልቀመጥ? እሱስ ወንዝ ባየ ቁጥር ሊያየኝ? እኔ አየር አይደለሁም፤ የሰው ምስል አላበላሽም። አንድ ጊዜ አበላሸሁ፤ ይበቃኛል።

"እኔ ሰው አላስቀርም" አልኩት። "ና፣ ውረድ። ላንሳህ።"

ፊቱ ጠቆረ። ያልኩትን ሰምቷል፤ ያላልኩትን ግን አልሰማውም።

*

አክስቴ ልትዘጋ መጋረጃውን ይዛ ነበር። ሁለታችንን አየችና ምንም ሳትል መልሳ ከፈተችው።

ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ከፊቱ ቆሜ ብርሃኑን አስተካከልኩ፤ ከጆሮው ኋላ ጥላ እንዳይኖር አድርጌ። ሌንሱን ሲያይ፣ ከሌንሱ ኋላ የተኮሳተረውን ፊቴን ሲያይ፣ ያ ሁሉ ጥቁረት አልበቃውም። ከንፈሩ ተንቀጠቀጠ። ሳቀ።

"ይቅርታ" አለ። ከንፈሩን ነከሰ። ሳቀ። ጣራውን አየ፤ ተመለሰ፤ ሳቀ። ዐይኑ እንደቀላ ነው። በቀላ ዐይን የሚስቅ ሰው ማየት ለማንም አልመኝም።

"ይሄ ልጅ ቪዛ የሚያገኘው ጥርሱን አስነቅሎ ነው" አለች አክስቴ።

አንድ በአንድ ማንሳቱን ተውኩት። በጁፒተር መንገድ ሄድኩ። ካሜራውን በፈጣኑ ላይ አድርጌ ጣቴን ተጭኜ ያዝኩት። መዝጊያው ያለማቋረጥ ይንጣጣል፤ እሱ ይስቃል፣ ይተዋል፣ ይስቃል። አየሩ ይንተከተካል። ጸጥ የሚልባትን ቅጽበት መጠበቅ ነው እንጂ ሌላ ዘዴ የለም።

ወይም አለ።

"እጠብቅሃለሁ" አልኩት፤ ጣቴን ሳላነሳ።

ሳቁ ቆመ።

ዐይኑ ከሌንሱ ላይ ሳይነሳ ፊቱ ሁሉ ጸጥ አለ። ዝናብ ዘንቦ እንዳባራበት ጣራ። አይስቅም፤ አያዝንም፤ አለ ብቻ። የካሜራው ድምፅ ብቻ ይሰማ ነበር። አክስቴ እንኳ፣ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ይመስለኛል፣ የምትለው አጣች።

"እንደገና በይው" አለ፣ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ በሚመስል ድምፅ።

"ቀረጻ ላይ ነኝ" አልኩት።

አንዱን መረጥኩ። ቀና ብሎ የተቀመጠ፣ ሌንሱን የሚያይ፣ የማይስቅ ሰው። ዐይኑ እንደቀላ ነው፤ አልነካሁትም። አራት አትሜ ኤንቨሎፕ ውስጥ ከተትኩለት። የቪዛ ቢሮው እንከን አላወጣለትም፤ ሊያወጣለትም አይችልም፤ እኔ ነኝ የሠራሁት።

በፕላኔት ሥራ የረጋው ይቀራል፣ የተንቀጠቀጠው ይጣላል። እሱ ወደ ቤቱ ከወጣ በኋላ ኮምፒውተሬ የቀሩትን፣ ያን ሁሉ ሳቅ፣ ይጥፉ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አይጥፉ አልኩት።

ዲስኩ ሊሞላ ነው ይላል። ይሙላ።